ማርሚታው ተፈትቶ የተለካ ጉልበት፦ የአሜሪካ ጡንቸኛ መኪኖችና የጭስ ማውጫቸው ታሪክ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ



ስለ ነገሥታት፣ ስለ ድንበርና ስለ ረኃብ ስንነጋገር በኖርንበት በዚህ መድረክ ላይ ስለ መኪና ጭስ ማውጫ ለመናገር መቆሜ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይሆንባችሁ አይቀርም። ጉዳዩ ግን ከክፍል የመጣ ነው። ስለ ሃያኛው ክፍለ ዘመን የኢንዱስትሪ ታሪክ በምንወያይበት ሰዓት አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ በ1970 ከ400 የሚበልጥ የፈረስ ጉልበት እንዳላቸው ይነገርላቸው የነበሩት የአሜሪካ መኪኖች ከአምስት ዓመት በኋላ ከ200 በታች የወረዱት በጭስ ማውጫቸው ላይ ማጣሪያ ስለ ተገጠመባቸው ነውን?

ይህ ጥያቄ በመኪና ወዳጆች ዘንድ ዘወትር የሚነሣ ነው፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ «አዎ» ነው። እንደ ታሪክ ጥያቄ ስንይዘው ግን በውስጡ ሌሎች ጥያቄዎች ተጠቅልለው እናገኛለን። ቁጥሩ እንዴት ተለካ? መቼ ወረደ? ማጣሪያውስ የገባው ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የዛሬው ንግግሬ ይህን ለመፍታት የሚደረግ ሙከራ ነው። የማወራው ስለ አሜሪካ በመሆኑ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በቅድሚያ ስለ ዕቃው ራሱ ጥቂት ልበል። የእኛ መካኒኮች ከጣሊያኖች ወርሰው «ማርሚታ» ይሉታል። ቃሉ በጣሊያንኛ ድስት ማለት ነው፤ ከመኪናው ሆድ ሥር የተንጠለጠለውን ያንን እብጥ ያለ ቆርቆሮ ለተመለከተ ሰው ስያሜው የተገባ ነው። በአሜሪካ ምድር ለድምፅ ማፈኛ የፈጠራ መብት ያገኙት በኢንዲያና ግዛት ይኖሩ የነበሩት የሪቭስ ወንድማማቾች ሲሆኑ ዘመኑም 1897 ነበር። አውቶሞቢል ገና በሕፃንነቱ ሳለ ማለት ነው። ስለሆነም ጭስ ማውጫው ከመጀመሪያው ሁለት ተቃራኒ ግዴታዎች ተጭነውበታል፤ ጭሱን በፍጥነት ማሳለፍ፣ ድምፁንም ማፈን።

ከዚህ ተነሥቶ ነው እጅግ የተለመደው ጥያቄ የሚመጣው፦ ሞተር በደንብ እንዲሠራ ከጭስ ማውጫው በኩል ወደ ኋላ የሚመልስ ግፊት ያስፈልገዋልን? ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች ጭምር «ያስፈልገዋል» ሲሉ ትሰማላችሁ። ማስረጃቸውም ማርሚታውን ፈትተው በምትኩ ሰፊ ቱቦ ሲገጥሙ መኪናው በዝቅተኛ ፍጥነት መድከሙ ነው። ያዩት ነገር እውነት ነው፤ የሰጡት ምክንያት ግን ስሕተት ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። የጭስ ቫልቩ በሚከፈትበት ቅጽበት በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የተቃጠለ ጋዝ ገና ከውጭው አየር ብዙ እጥፍ ግፊት አለው። ስለዚህ እንደ ውሃ አይፈስም፤ እንደ ጥይት ይተኮሳል። ከፊቱም የግፊት ሞገድ ይሮጣል። ሞገዱ ቱቦው የሚሰፋበት ወይም የሚያበቃበት ቦታ ላይ ሲደርስ ተቀልብሶ፣ ዝቅተኛ ግፊት ሆኖ ወደ ቫልቩ ይመለሳል። መመለሻው የጭስ ቫልቩ ሳይዘጋ፣ አዲሱ አየር የሚገባበት ቫልቭ ደግሞ መከፈት በጀመረበት አጭር ጊዜ ላይ ከተገጣጠመ በሲሊንደሩ የቀረውን ጭስ ስቦ ያወጣል፤ አዲሱንም ቅልቅል አብሮ ይጎትታል። የቱቦው ርዝመትና ስፋት የሚጠናው ለዚህ ነው። ከልክ በላይ ሰፊ የሆነ ቱቦ ጋዙን ያዘገየዋል፤ የሚስበው ኃይል ይዳከማል። ሰውየው ያጣው ይህን የጋዙን ሩጫ እንጂ መላሽ ግፊቱን አይደለም። በዚያ ላይ በካርቡራቶር ዘመን ጭስ ማውጫውን የለወጠ ሰው ካርቡራቶሩን ዳግመኛ ካላስተካከለ የቤንዚኑና የአየሩ ልክ ይዛባበታል። ለመኪናው መድከም አንዱ ምክንያት ይህ ሆኖ ሳለ ጥፋቱ ሁሉ በጎደለው ግፊት ላይ ይላከካል። መላሽ ግፊት ለሞተር ምንጊዜም ዕዳ ነው፤ ፒስተኑ ጭሱን ለመግፋት የሚያወጣው ጉልበት ከጎማው የሚቀነስ ነውና።

ፋብሪካዎች ይገጥሙት የነበረው የጭስ መሰብሰቢያ ቀልጦ የተፈሰሰ ወፍራም ብረት ሲሆን የአራቱን ሲሊንደሮች ጭስ በአጭሩ አንድ ላይ ያጋጫል። እሽቅድምድም ወዳዶች በምትኩ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ረዘም ያለ ቱቦ ያለውን «ሄደር» ይገጥሙ ነበር። የአሜሪካው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ያ የሚንቦቀቦቅ ድምፁም ከዚሁ አካባቢ የሚመነጭ ነው። ከክራንኩ አሠራር የተነሣ በአንድ ወገን ያሉት አራት ሲሊንደሮች እኩል በሆነ የጊዜ ልዩነት አይተፉም፤ ሁለቱ ተቀራርበው ይተፉና ረዘም ያለ ዝምታ ይከተላል። የግራና የቀኙን ቱቦ የሚያገናኝ መሸጋገሪያ ሲበጅለት ድምፁም ይለዝባል፤ አወጣጡም ይሻሻላል።

ይህ ሁሉ ግን የጉልበቱ ታሪክ አንድ ገጽ ብቻ ነው። የጉልበቱ ዋና ምንጭ ከመውጫው ይልቅ በመግቢያው፣ ማለትም በቤንዚኑ ውስጥ ነበር።

ሞተር ብዙ ጉልበት የሚሰጠው ቅልቅሉን ከማቃጠሉ በፊት አጥብቆ ሲያምቀው ነው። መካኒኮቻችን ኮምፕሬሽን የሚሉት ይህ ነው። እመቃው ሲበዛ ግን ተራ ቤንዚን ጊዜውን ሳይጠብቅ ራሱ ይፈነዳል፤ ሞተሩም ያንኳኳል። በታኅሣሥ 1921 በኦሃዮ ግዛት በዴይተን ከተማ፣ በጄኔራል ሞተርስ ቤተ ሙከራ ቶማስ ሚጅሊ የተባለው መሐንዲስ በቤንዚን ላይ ጥቂት የእርሳስ ውህድ ቢጨመርበት መንኳኳቱ እንደሚጠፋ ደረሰበት። በ1923 እዚያው ዴይተን ውስጥ ለገበያ ቀረበ። የንግድ ስሙ «ኤትል» ተባለ፤ እርሳስ የሚለው ቃል ከስሙ ተተወ። እርሳስ መርዝ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። ሚጅሊ ራሱ ታምሞ ለማገገም ወደ ፍሎሪዳ ሄዶ ነበር፤ በ1924 ደግሞ በኒው ጀርሲ ቤይዌይ በሚባለው ማጣሪያ ውህዱን ያመርቱ ከነበሩት ሠራተኞች አምስቱ ሕሊናቸውን ስተው ሞቱ። ሽያጩ ለጥቂት ጊዜ ታገደ፤ በ1926 ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመታት ያህል ጉዳዩ ከሕዝብ ክርክር ውጭ ሆኖ ቆየ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጡት ከፍተኛ እመቃ ያላቸው ሞተሮች የበቀሉት በዚህ ቤንዚን ላይ ነው። በ1949 ኦልድስሞቢል «ሮኬት» የተባለውን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሩን በቀላል አካል ላይ ገጠመ፤ ጉልበቱ 135 ነበር። በ1955 ክራይስለር ባለ 300 የፈረስ ጉልበት መኪና አቀረበ። «መስል ካር»፣ በእኛ አነጋገር ጡንቸኛ መኪና፣ የሚለው ስም ከሁሉ ይልቅ የተጣበቀው ግን በ1964ቱ ፖንቲያክ ጂ ቲ ኦ ላይ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በዚያን ጊዜ በመካከለኛ መጠን መኪኖች ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የሚበልጥ ሞተር እንዳይገጠም ደንብ ነበረው። በጆን ዴሎሪያን የሚመሩት የፖንቲያክ መሐንዲሶች ባለ 389 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም ባለ 6.4 ሊትር ሞተራቸውን እንደ አዲስ መኪና ሳይሆን ገዢ መርጦ እንደሚያስገጥመው ተጨማሪ ዕቃ አድርገው አቀረቡት፤ ደንቡ ስለ ተጨማሪ ዕቃ የሚለው ነገር አልነበረውምና። ዋጋው ከ300 ዶላር በታች ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ተሸጠ። ሌሎቹ ኩባንያዎች ሁሉ ተከተሉ። ወጣት ሠራተኛ በደመወዙ ሊገዛው የሚችል፣ የቤተሰብ መኪና መልክ ያለው፣ ሞተሩ ግን ከመጠን ያለፈ መኪና፦ ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንመለስ። በዚያ ዘመን በማስታወቂያ የሚነገረው የፈረስ ጉልበት «ግሮስ»፣ ጠቅላላ የሚባለው ልክ ነበር። ሞተሩ ከመኪናው ወጥቶ በመለኪያ መቆሚያ ላይ ይቀመጣል። አየር ማጣሪያው ይነሣል። ጉልበት የሚወስዱ ተቀጥላዎች ይፈታሉ። የካንዴላው እሳት ለከፍተኛ ጉልበት በሚመች ጊዜ ላይ ይደረጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመኪናው ማርሚታና ረጅሙ ቱቦ አይገጠሙም፤ ጭሱ በነጻ ወደ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ ያ ሁሉ ዝነኛ ቁጥር መንገድ ላይ ወጥቶ ለማያውቅ ሞተር የተሰጠ ቁጥር ነው። ውሸት ነው ልንለው አንችልም፤ የመለኪያው ሥርዓት የታወቀ ነበርና። ገዢው ግን ማርሚታው የተገጠመለትን መኪና ነበር ወደ ቤቱ የሚነዳው።

ኩባንያዎቹም ማርሚታው ምን ያህል እንደሚወስድ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በ1970 ፖንቲያክ ለጂ ቲ ኦ አንድ አስገራሚ ተጨማሪ ዕቃ አቅርቦ ነበር። ነጂው ከዳሽቦርዱ ሥር ያለውን መጎተቻ ሲስብ በማርሚታው ውስጥ ያለ መዝጊያ ይከፈታል፤ መላሽ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ድምፁም ይጎላል። በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ተሠራለት። ብዙም ሳይቆይ በኩባንያው የበላዮች ትእዛዝ ተቋረጠ። ለእኔ ይህ ትንሽ ዕቃ የዘመኑ ማኅተም ሆኖ ይታየኛል፤ ሕጉን ለማክበርና ላለማክበር የሚያገለግል አንድ ገመድ ከነጂው ጉልበት በላይ ተንጠልጥሎ።

በዚያው ዓመት ነበር ሌላው ሂሳብ የመጣው። በሎስ አንጀለስ ሰማይ ላይ የሚረጋው ቡናማ ጉም ከመኪና ጭስና ከፀሐይ ብርሃን የሚፈጠር መሆኑን የካልቴኩ ኬሚስት አሪ ሃገን ስሚት በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሳይቶ ነበር። ፈረንሳይ ተወልዶ አሜሪካ የሠራው ኢዠን ሁድሪ ደግሞ በዚያው አሥርት ዓመት ጭሱን በካታሊስት የሚያነጻ መሣሪያ ሠርቷል፤ ሆኖም በቤንዚኑ ውስጥ ያለው እርሳስ ካታሊስቱን ሸፍኖ ያበላሸው ነበር። የመሬትን ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ብሎ ያሰላው ክሌር ፓተርሰንም የላቦራቶሪው አየር ሳይቀር በእርሳስ ተበክሎ ስላስቸገረው ምንጩን ሲከታተል ወደ ቤንዚን ደረሰ። በ1965 ባሳተመው ጽሑፍ የዘመኑ ሰው በሰውነቱ የተሸከመው እርሳስ ከተፈጥሮ ልክ እጅግ የራቀ መሆኑን ገለጸ። ኢንዱስትሪው በብርቱ ተቃወመው። በታኅሣሥ 31 ቀን 1970 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት የንጹሕ አየር ሕግ ማሻሻያ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮካርቦን በ1975 ሞዴሎች ላይ በ90 በመቶ እንዲቀንሱ አዘዘ።

ለዚህ ግብ ካታሊስት ያስፈልግ ነበር፤ ለካታሊስት ደግሞ እርሳስ የሌለው ቤንዚን። በዚያን ጊዜ እርሳስ የሌለው ቤንዚን ከፍተኛ እመቃ አይችልም ነበር። ጄኔራል ሞተርስ ይህን ሰንሰለት አስቀድሞ አይቶ በ1971 ሞዴሎቹ ላይ እመቃውን ቀነሰ። እነሆ የቅደም ተከተሉ የመጀመሪያ ነጥብ፦ ጉልበቱ መውረድ የጀመረው ማጣሪያው ከመገጠሙ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የሼቭሮሌ ሼቬል መኪና ባለ 454 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም ባለ 7.4 ሊትር ሞተር ነበረው። በ1970 ከፍተኛው ዓይነት 11.25 ለ 1 የእመቃ ምጣኔ ሲኖረው 450 የፈረስ ጉልበት ተጻፈለት። በ1972 የዚያው መጠን ሞተር 270 ተባለ። የጎደለው 180 ነው። ይህን 180 ግን በአንድ ቁና መስፈር አይገባም። በ1971 ዝግ ያለ ካምሻፍትና 8.5 ለ 1 እመቃ ያለው ዓይነት ብቻ ቀርቶ በጠቅላላው ልክ 365 ሆነ፤ ከ450 ላይ 85 ሄደ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ኩባንያው ለዚያው ሞተር ሁለት ቁጥር አሳተመ፤ በጠቅላላው ልክ 365፣ በተጣራው ልክ ደግሞ 285። የተጣራው፣ «ኔት» የሚባለው፣ ሞተሩ ማርሚታውን፣ አየር ማጣሪያውንና ተቀጥላዎቹን ሁሉ እንደ ያዘ ሲለካ ነው። ከ1972 ጀምሮ የሚታተመው ይኸኛው ብቻ ሆነ። ስለዚህ 80 የፈረስ ጉልበት የጠፋው በወረቀት ላይ ነው፤ አንድም ብሎን አልተፈታም። ከ285 ወደ 270 የወረደው 15 ብቻ በሁለቱ ዓመታት መካከል የተደረገ ለውጥ ነው።

ተማሪዎቻችን ሰንጠረዥ ሲያነጻጽሩ ከዓምዱ ራስ ላይ ያለችውን ትንሽ ቃል ሳያነቡ ወደ ቁጥሩ የሚዘልሉበት ልማድ አለ። የሕዝብ ቆጠራ ይሁን የእህል ምርት፣ ነገሩ ያው ነው።

ሌሎችም ገፊ ምክንያቶች ነበሩ፤ በአጭሩ ላልፋቸው። የመድን ድርጅቶች በ1960ዎቹ መጨረሻ በወጣት ነጂዎችና በኃይለኛ መኪኖች ላይ ክፍያውን ስላናሩት ገበያው ከሕጉ በፊት ቀዝቅዞ ነበር። በጥቅምት 1973 የአረብ ነዳጅ አምራቾች ማዕቀብ መጣ። ይህ ድንጋጤ በዲትሮይት ብቻ አልቀረም። በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 1966 መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን በዚህ ቤት ለማንም መተረክ አያስፈልገኝም። ዲትሮይት ውስጥ ትልቅ ሞተር ሲያረጅ እዚህ ዙፋን ተነቃነቀ።

እንግዲህ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ የገባው በ1975 ሞዴሎች ላይ ነው። ከጥፋት ሁሉ ነጻ ነው ልል አልችልም። የሼቭሮሌ ኮርቬት እስከ 1974 ድረስ ከየወገኑ እስከ ጅራቱ የተለያዩ ሁለት ቱቦዎች ነበሩት። በ1975 ሁለቱ ቱቦዎች ተገናኝተው በአንድ ኮንቨርተር ብቻ እንዲያልፉ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲያ እንደገና ተከፍለው ወደ ሁለት ማርሚታ ይሄዳሉ። የዚያ ዘመን የጄኔራል ሞተርስ ኮንቨርተር በጥቃቅን የሴራሚክ ፍሬዎች የተሞላ ዕቃ ስለ ነበር ጭሱ በፍሬዎቹ መካከል እየተጋፋ ነበር የሚወጣው። መደበኛው ባለ 5.7 ሊትር ሞተር በተጣራው ልክ ከ195 ወደ 165፣ ኃይለኛው ዓይነት ከ250 ወደ 205 ወረደ። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት መለኪያ፤ ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው። የተማሪያችን ጥያቄ እግር የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ነገር ግን ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለት ሦስት ዓመታት ማየት ተገቢ ነው። ካታሊስት ባልነበረበት ጊዜ መሐንዲሶች ጭሱን የሚያነጹት በሞተሩ ውስጥ ነበር። የካንዴላውን እሳት ያዘገያሉ፤ ቤንዚኑን ያሳሳሉ፤ የወጣውን ጭስ ከፊሉን መልሰው ያስገባሉ። መኪናው ይንገጫገጫል፤ ጠዋት አልነሣ ይላል፤ ነዳጅ ይበላል። ማጽዳቱ ከሞተሩ ወጥቶ ወደ ጭስ ማውጫው ሲዛወር ሞተሩ ወደ ተፈጥሯዊ አሠራሩ መመለስ ጀመረ፤ የ1975ቱ መኪኖች የነዳጅ ቁጠባ ካለፈው ዓመት የተሻለ ሆነ። ቀጥሎም በፍሬ የተሞላው ዕቃ ቀርቶ እንደ ማር እንጀራ በቀዳዳ የተሞላው ሴራሚክ ተስፋፋ፤ ለጭሱም ሰፋ ያለ መተላለፊያ ሰጠው። ዛሬ በ2015 የወጣውን የዶጅ ቻሌንጀር ሄልካት ያየ ሰው ኮንቨርተሮቹን እንደ ተሸከመ 707 የፈረስ ጉልበት እንዳለው ያውቃል፤ ያውም በተጣራው ልክ።

በመጨረሻ ስለ ሌላኛው ልኬት። የአሜሪካ መንግሥት ከ1976 እስከ 1980 ባካሄደው የጤና ጥናት በሕዝቡ ደም ውስጥ የነበረው አማካይ የእርሳስ መጠን በአንድ ዴሲሊትር ከ14.6 ወደ 9.2 ማይክሮግራም ወረደ፤ ማለትም በ37 በመቶ። አወራረዱ በቤንዚን ውስጥ ከሚጨመረው እርሳስ መቀነስ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ነበር። ይህ ውጤት ለብዙዎች ያልተጠበቀ ነበር፤ እርሳሱ እንዲወጣ በመጀመሪያ የተፈለገው ካታሊስቱን እንዳያበላሽ ነውና፤ ለፕላቲነሙ የተደረገው ጥንቃቄ ለሕፃናቱ ደረሰ። ፓተርሰን በ1995 ሲያርፍ በአሜሪካ መንገዶች ላይ ሙሉ እገዳው ሊጸና ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር፤ ከጥር 1 ቀን 1996 ጀምሮ ጸና። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች በ2001 ዳካር ላይ ተስማምተው እስከ 2006 መባቻ ባለ እርሳስ ቤንዚንን አቆሙ። በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ነበረች፤ በሐምሌ 2021።

 ስለ መላሽ ግፊቱ ያልተስማማችሁ መካኒኮች በአዳራሹ ውስጥ እንዳላችሁ ከፊታችሁ እያየሁ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን የጥያቄ ዕድል ለእናንተ እሰጣለሁ።